ስቡ ከሴሉ እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጉበት ስብን ከፕሮቲን ጋር ጠቅልሎ ወደ ደም እንደሚልክ አንብቤያለሁ። ሴል ግን በሽፋን የተዘጋ ነው። ታዲያ ጥቅሉ ሽፋኑን ሳይቀድ እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ የሴል ባዮሎጂ ሳስተምር በጉጉት የምጠብቀው ክፍለ ጊዜ ይህ ስለሆነ ጥያቄዎ አስደስቶኛል። ጥቅሉ ሽፋን አይበሳም። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው ክፍል ተሠርቶ፣ በከረጢት ጎልጂ ወደሚባለው ሌላ የሴሉ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ የሚወስደው ከረጢት ከሴሉ ሽፋን ጋር ሲዋሐድ ውስጥ የነበረው ውጭ ይሆናል። ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሴሎች ፕሮቲንን በዚህ መንገድ እንደሚያወጡ ያሳየው ጆርጅ ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1974 ኖቤል ተሸልሟል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አጫጫኑ ነው። የጉበቱ ተሸካሚ አፖ ቢ 100 ይባላል፤ 4,536 አሚኖ አሲዶች ያሉት ግዙፍ ፕሮቲን ነው። ገና እየተሠራ ሳለ ኤምቲፒ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ስብ ያሸክመዋል። ስብ ካላገኘ ሴሉ እዚያው ያፈርሰዋል፤ ባዶውን አይልከውም። አንጀት ደግሞ ከዚያው ጂን አጠር ያለውን አፖ ቢ 48 ያወጣል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚነሱት የተለመዱ ከረጢቶች ስፋታቸው ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንጀት የሚያዘጋጀው ካይሎማይክሮን የሚባለው የስብ ጥቅል ግን ብዙ መቶ ናኖሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሴሉ ለጭነቱ የሚበቃ ሰፊ ማጓጓዣ መሥራት አለበት፤ ለዚህም ሳር1ቢ የተባለው ፕሮቲን የግድ ያስፈልጋል። የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። የበሉት ስብ አንጀታቸው ሴል ውስጥ ይገባል፣ ይጠቀለላል፣ ግን አይወጣም። ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ እድገታቸው ይጓተታል፣ በስብ የሚጓዙት ቫይታሚን ኤ እና ኢ ያጥሯቸዋል። ቀድሞ ከታወቀ ስብ የተቀነሰበት ምግብና ከፍ ያለ የቫይታሚን መጠን ብዙ ይረዳል፤ ሐኪሞች በሽታውን ቶሎ እንዲጠረጥሩት የምመኘውም ለዚህ ነው።

ስለ ጉበት ስለጠየቁ አንድ ልጨምር። ሎሚታፓይድ የተባለው መድኃኒት ኤምቲፒን ያግዳል። በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ መውጫ ያጣው ስብ ግን ጉበት ውስጥ ሊከማች ይችላል። በዚህ የተነሳ የሚታዘዘው ከሁለቱም ወላጆች ከባድ የኮሌስትሮል ችግር ለወረሱ ጥቂት ሕሙማን ነው፤ ጉበታቸውም በየጊዜው ይመረመራል።