መሬት ሲናወጥ የጥልቅ ባሕር ፍል ውኃ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ፍል ውኃውን ያደርቀዋል ወይስ ያባብሰዋል?

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። ቀዝቃዛው የባሕር ውኃ በአለቱ ስንጥቆች ቁልቁል ይሰርጋል፤ ከቅልጥ አለት አጠገብ ይግልና ማዕድን አሟሙቶ ሽቅብ ይመለሳል። ማዕድኑ ደግሞ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ መንገዱን ይደፍነዋል። ነውጡ የተደፈነውን ሊከፍት፣ የተከፈተውንም ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ በመሣሪያ ታይቷል ወይስ ግምት ነው?

መልስ፦ ታይቷል፤ እኔን ዘወትር የሚገርመኝም ይኸው ነው። በምሥራቃዊ ፓስፊክ፣ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ባዮ 9 የተባለ ፍል ውኃ አፍ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተተክሎ ነበር። ንባቡ 365 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ንቅንቅ አይልም ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1995 በሦስት ሰዓት ያህል ውስጥ ከ160 በላይ ጥቃቅን ነውጦች ተመዘገቡ። መለኪያው ግን ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ሙቀቱ ይወጣ ጀመር፤ በጥቂት ቀናትም 7 ዲግሪ ጨመረ። ነውጡ የሰነጠቀው አለት ከባሕሩ ወለል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ ውኃው ትኩሱን አለት ነክቶ እስኪመለስ ጊዜ ወሰደበት።

ጥያቄ፦ 365 ዲግሪ ደርሶ እንዴት አይፈላም?

መልስ፦ ከላዩ ያለው ባሕር ተጭኖት ነው። በዚያ ጥልቀት ግፊቱ እኛ ከምንኖርበት አየር 250 እጥፍ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ እዚያ የሚኖሩት ትላልቅ ትሎች አያልቁም?

መልስ፦ መንገዱ ተዘግቶ ፍል ውኃው ከቀረ ይሞታሉ፤ ምግባቸው ከውኃው ኬሚካል በሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚዘጋጅ ነውና። ይሁን እንጂ በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1991 የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነዋሪዎቹን ከፈጀ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አዳዲሶቹ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አድገው ተገኝተዋል።

ጥያቄ፦ በእኛ አገርስ?

መልስ፦ አፋር ላይ የሚሆነው የባሕር ወለል መሰንጠቅ ዓይነት ነው፤ በየብስ ላይ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። በ2025 መጀመሪያ፣ የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነውጥ በበረታበት ሰሞን፣ ዶፈን ተራራ አጠገብ መሬቱ እንፋሎት ሲተፋ ያላየ የለም። እዚያ የሚጫን ባሕር ስለሌለ ውኃው ገና ሳይወጣ ይፈላል።