ለላላ መገጣጠሚያ ፊዚዮቴራፒ፦ መሳቡ ይቅር፣ ማጠንከሩ ይቀጥል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። የ15 ዓመት ልጅሽ ትከሻዋ ደጋግሞ ይወልቃል፣ ጉልበቷም ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ አዘዘላት። ስትጀምር ሕመሙ ባሰባት፤ አሁን «ሁለተኛ አልሄድም» ብላለች። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ጋ ውሰጃት እያለሽ ነው። ፊዚዮውን ላቁም ወይ ነው ያልሽው።

አታቁሚ። የሚሠራላት ነገር ግን መቀየር አለበት። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚሁ ችግር ጋር ነው የምኖረው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች በአብዛኛው የተሠሩት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። እኛ ላይ ይሄ ነገር ይላላል። መገጣጠሚያው መቆም ያለበት ቦታ ላይ አይቆምም፣ አልፎ ይሄዳል። ጅማቱ ያልያዘውን መገጣጠሚያ ጡንቻው ለመያዝ ይታገላል። ቀኑን ሙሉ ሲታገል ስለሚውል ይደክማል፣ ይገተራል፣ ያማል። ልጅሽ «አንገቴን ያዘኝ፣ ጀርባዬ ተገተረ» የምትልሽ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተገተረ ጡንቻ ያየ ባለሙያ ቶሎ የሚታየው መሳብ ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ እጄን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ፣ እግሬን እስከ መጨረሻው ወደ ደረቴ ይስቡልኝ ነበር። ከዚያ ሙቀት ያደርጉልኛል። ስወጣ ቀለል ይለኛል፤ ማታ ላይ ግን ትከሻዬን የት እንደማሳርፈው ይጨንቀኛል። ድሮውንም ከልክ በላይ የሚሄድን መገጣጠሚያ ጫፍ ድረስ መሳብ የበለጠ ማላላት ነው።

ለውጥ ያየሁት ሌላ ባለሙያ ጋ ስሄድ ነው። ገና ሳትነካኝ አቋቋሜን አየች። ጉልበቴን ወደ ኋላ ገፍቼ ነበር የምቆመው። «ትንሽ ለቀቅ አድርጊው» አለችኝ። ይቺው ናት የመጀመሪያዋ ትምህርት፤ ታክሲ ስጠብቅም፣ ሽንኩርት ስከትፍም፣ ጉልበቴን ለቀቅ። ቀላል ትመስላለች እንጂ ከባድ ናት፤ ብዙዎቻችን እጅና እግራችን በትክክል የት ጋ እንዳለ ቶሎ አይሰማንም። ለዚህ ነው መስታወት ፊት መሥራት የሚጠቅመው። በአንድ እግር መቆምም ይሄንኑ ስሜት ያሰለጥናል፤ ስትጀምር ግን ግድግዳ አጠገብ ትሁን።

ለትከሻዋ፣ እኔን ያስጀመሩኝ ሳያንቀሳቅሱ ከመግፋት ነው። ክርኗን 90 ዲግሪ አጥፋ ከጎኗ ታጣብቃለች፤ በመዳፏ ጀርባ ግድግዳውን ቀስ ብላ ትገፋለች፤ ጥቂት ሰከንድ ይዛ ትለቃለች። ክንዷ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ጡንቻው ግን ይሠራል። ከዚያ ቆማ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፤ ክርኗን እስከ መጨረሻው ሳትዘረጋ። ቀጥሎ የስፖርት ላስቲክ። ለጉልበቷና ለዳሌዋ ደግሞ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ። ሁሉም ነገር መሐል ላይ ነው የሚጀመረው፣ ጫፍ ላይ አይደለም።

ይሄን ስል ግን ዕድሜ ልኳን በቀላል ነገር ትቅር ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው «የላላ መገጣጠሚያ ያለው ክብደት አይንካ» ይላል፤ እኔ አልስማማም። ዴንማርክ ውስጥ ትከሻቸው የላላ 100 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የታተመው። ለ16 ሳምንት በባለሙያ ክትትል ክብደቱን እየጨመሩ የሠሩት፣ ቀላሉን ከሠሩት ይልቅ ትከሻቸው በዕለት ሥራ የተሻለ አገለገላቸው። የጡንቻ ሕመምና ራስ ምታት የመሳሰለ ቀላል ችግር ግን ከባዱን በሠሩት ላይ በዛ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ ባለሙያው አጠገብ ሆኖ፣ ቀስ በቀስ እንጂ፣ ዛሬ ተነስታ ጂም አትግባ።

ሕመሙን እንዲህ ለይታ ትወቀው። ጡንቻዋ ደከም ብሎ በማግስቱ የሚለቃት ከሆነ ችግር የለውም። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ፣ ወይ ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን በዝቷል፤ ይቀነስ፣ አይቁም። የተሻላት ቀን ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ ልሥራ አትበል። በማግስቱ አልጋ ላይ የሚጥለን እሱ ነው።

ቤት ውስጥ የምትችዪው ብዙ ነው። ቦርሳዋን በሁለቱም ትከሻ ታንግተው፤ መጽሐፍ ቀንሺላት። ጀሪካን በአንድ እጅ አታንጠልጥል። ሹሩባ ስትሠራ እጇን ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ከመያዝ ሌላ ሰው ይሥራላት። ስትተኛ ክንዷን ከራሷ በላይ አታድርግ፤ ትራስ አቅፋ በጎኗ ትተኛ። ጓደኞቿ «እስኪ ጣትሽን አጥፊልን» ሲሏትም እምቢ ትበል። ለእግር ጉዞ ሐይቁ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ ጠዋት ጠዋት ደልዳላ ነው። ታቦር ተራራ ግን ቁልቁለቱ ለጉልበቷ ስለሚከብድ ለጊዜው ይቆይ። ዋና ጥሩ ነው፣ የሆቴል ገንዳ ከተቻለ፤ ሐይቁ ውስጥ ግን ቢልሃርዚያ ስላለ አይሆንም።

ወጌሻውን በተመለከተ እለምንሻለሁ፣ አትውሰጃት። ስንቱን ወለምታ ያሹ እናቶችና አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁ። የእሷ ትከሻ ግን የሚወልቀው ጅማቱ ስለላላ ነው፤ በጎተቱት ቁጥር ይብሳል፣ ነርቭና የደም ሥርም ሊጎዳ ይችላል። ወልቆ አልመለስ ካለ፣ እጇ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ሐኪሙን ጠይቂው፦ መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደላላ የሚለካበት የቤይተን መለኪያ ተሠርቶላታል ወይ? ከ9 ነጥብ ነው። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ ካለፈች፣ አውራ ጣት ክንድን ከነካ፣ ክርንና ጉልበት ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከሄዱ፣ ለቀኝና ለግራ አንድ አንድ ነጥብ ይያዛል። ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍ መሬት ከነካ አንድ ይጨመራል። በእሷ ዕድሜ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መላ መገጣጠሚያዋ የላላ ነው ይባላል። ነጥቡ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከሕመምና ከመውለቅ ጋር ሲሆን ግን ኤህለርስ ዳንሎስ የሚባለው፣ ጅማትን የሚያላላ በዘር የሚመጣ ችግር ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አመዳደብ 13 ዓይነት አለው፤ በብዛት የሚታየው የመገጣጠሚያው ዓይነት በዘረመል ምርመራ አይለይም፣ ሐኪም አይቶ ነው የሚወስነው። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ፣ የደም ሥር የፈነዳበት ሰው ካለ፣ ወይም ልጅሽ በጣም ረጅም፣ ጣቷ ቀጭንና ረጅም፣ ዓይኗም ደካማ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ልቧ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ስትነሳ ጭው የሚላት፣ ልቧ የሚመታ ከሆነም ንገሪው። ይሄ ከእኛ ችግር ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ውኃ በደንብ መጠጣት ይረዳል፣ ጨው መጨመር ግን ሐኪም ሲል ብቻ ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ የምትቆይ ከሆነ ስፖርቱን ከበላችና ከጠጣች በኋላ አድርጉት፤ ስለ ጾሙም የንስሐ አባቷን አማክሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሻት ግቢ። የትኛው እንቅስቃሴ እንዳባሰባት፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ስንት ሰዓት እንደቆየ ራሷ በወረቀት ትጻፍ። «መሳቡ ይቅርልን፣ ማጠንከሩን አሳዩን» በሉ። ጥሩ ባለሙያ ይሰማችኋል። አልሰማ ካለ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ፤ ፊዚዮውን ግን አትተዉ። ትከሻዋ ለመጨረሻ ጊዜ የወለቀው መቼ እንደሆነና ምን ስትሠራ እንደነበር ጻፊልኝ፤ ያኔ እኔን የረዳኝን ለይቼ እነግርሻለሁ።