ሌባው በነፃ ነዳት፣ ሂሳቡ ለእኔ መጣ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የምኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ነው። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ። መኪናዬ የ2016 ኪያ ናት። እቁብ ሲደርሰኝ ነው የገዛኋት፣ ዕዳ የለባትም። ኢንሹራንሷ ግን ላያቢሊቲ ብቻ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ላደረስኩት ጉዳት እንጂ ለራሴ መኪና አይከፍልም። የራሴንም የሚሸፍነውን ፉል ከቨሬጅ ጠይቄ ዋጋውን ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ከአፓርታማችን ፓርኪንግ ሰረቋት። ጠዋት ልጄን ይዤ ስወርድ ቦታዋ ላይ የረገፈ መስታወት ብቻ ነው ያገኘሁት። ለፖሊስ ደወልኩ፣ የኬዝ ቁጥር ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት አውቶቡስ እየቀየርኩ ነው ሥራ የምሄደው።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ሲያትል ውስጥ ተገኘች። ፖሊሱ ከሌሊቱ 9:40 ላይ ደውሎልኝ ነበር። እኛ ግን ሥራ ስንገባ ስልካችንን ሎከር ውስጥ ነው የምንተወው። ጠዋት ሳዳምጠው መልእክቱ "መኪናሽ ተገኝታለች፣ ስላላገኘንሽ ቶው አስደርገናታል" ይላል፤ በጎታች መኪና አስወስደዋታል ማለት ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቶው ድርጅቱ ግቢ ሄድኩ። 540 ዶላር አሉኝ። አልነበረኝም። ደመወዝ ገብቶልኝ ማክሰኞ ስመለስ 860 ሆኗል። መስኮቱ ውስጥ ለተቀመጠው ሰውዬ "ኧረ እኔ እኮ የተሰረቅኩት ነኝ!" ስለው "አዝናለሁ። ካሽ ነው ካርድ?" አለኝ። ፖሊስ ጋ ስደውል "ገንዘቡ የድርጅቱ ጉዳይ ነው"፣ ድርጅቱ ደግሞ "ያዘዘን ፖሊስ ነው"። እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። መሪዋ ሥር ያለው ፕላስቲክ ተገንጥሎ ሽቦው ተንዘርግፏል። የልጄ ወንበር ኋላ እንዳለ ነው፤ ላዩ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው የድንች ጥብስ ተደፍቶበታል። እዚያ ነው ያለቀስኩት።

ወንድሜ "ተያት፣ ለእነሱ ትቅር" ይለኛል። የሥራ ጓደኛዬ "ክሰሻቸው" ትላለች። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ተይዟል ተብያለሁ። ምን ይሻለኛል? እውነት ሕጉ እንዲህ ነው?

ሁለቴ የተሰረቅኩት፣ ከሬንተን

*

እህቴ፣

ነገሩ ቀን የሚቆጠርበት ስለሆነ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማታ ለብቻሽ መልሼልሻለሁ። እዚህ ያወጣሁት እንዳንቺ መኪናው ተሰርቆ፣ ተገኝቶ፣ ከዚያ መክፈያ ያጣ ሰው ደጋግሞ ስለሚጽፍልኝ ነው።

አዎ፣ ሕጉ እንዲህ ነው። የወንድምሽን ምክር የማልቀበለውም ለዚህ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ስለተሰረቀ መኪና ለይቶ ጽፏል። መሰረቁን ለፖሊስ ያመለከተ ባለቤት መኪናውን ባያወጣው "ጥለህ ሄድክ" ተብሎ አይቀጣም። የመጎተቻው፣ የማቆያውና የማስወገጃው ወጪ ግን ከእሱ ጫንቃ አይወርድም። ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ሳገኘው የተሳሳተ ቦታ ያነበብኩ መስሎኝ ተመልሼ አየሁት። ትክክል ነው።

ሌላም አለው። አንድ መኪና ቶው ግቢ ውስጥ 120 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ቀን ከቆየ "የተጣለ" ይባላል። ከዚያ ወደ ጨረታ የሚወስደው ሂደት ይጀመራል። ተሸጦ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪውን ካንቺ ሊጠይቁ ይችላሉ። "ለእነሱ ትቅር" ብለሽ ብትተያት፣ መኪናዋ ለእነሱ፣ ዕዳው ላንቺ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ሒሳብ ሥሪ። መሪውና መስታወቱ ስንት ያስጠግናል? እሱና የቶው ሂሳቡ ተደምሮ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል? ካልበለጠ ተበድረሽም ቢሆን አውጫት። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ 320 ዶላር የጨመረብሽ ማንም ምንም ሳይሠራ ነው፣ መኪናዋ እዚያ ስለቆመች ብቻ። ከእቁቡ ሰዎች አንዱን ሂሳቡን ለሁለት ሳምንት ማበደር አያስቸግረውም። ክርክሩ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ከከፈለ በኋላ የመከራከር መብቱ ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። መኪናሽን ልታወጪ ስትሄጂ ድርጅቱ ዝርዝር ሂሳቡን፣ እንድትጎተት ያዘዘው ማን እንደሆነና ፍርድ ቤት የመጠየቂያ ቅጽ ሊሰጥሽ በሕግ ይገደዳል። አንዳንዴ ከደረሰኙ ጋር አጣብቀው ይሰጡና ሰው ሳያየው ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ያን ወረቀት ፈልጊው። ከተሰጠሽ ቀን ጀምሮ 10 ቀን ነው ያለሽ። አሥሩ ቀን ካለፈ መብቱ ቀረ።

ያንቺ የተጎተተችው ሲያትል ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ሲያትል ማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤት ነው። ሁለት ነገር መከራከር ትችያለሽ፦ መጎተቷ ተገቢ ነበር ወይ፣ ሂሳቡስ ልክ ነው ወይ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብለሽ ቅጹ ላይ ጻፊ፤ እንግሊዝኛ ብትችዪም ጻፊ። ሰው ሲናደድ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ይጠፋዋል፣ በራሴ አይቼዋለሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። "ተሰርቄ ነው" ማለት ብቻውን አያሸንፍም። ሕጉ ፖሊስ የተሰረቀ መኪና ሲያገኝ እንዲያስጎትት ይፈቅድለታል። የሚያዋጣሽ ጥያቄ ሌላ ነው። መኪናዋ ስትገኝ የት ነበር የቆመችው? መንገድ ዘግታ ከሆነ ብዙም የምትዪው የለም። በደንብ ፓርክ ተደርጋ፣ ማንንም ሳታስቸግር ቆማ ከሆነ ግን፣ አንዴ ብቻ ደውለው እስኪነጋ ሳይጠብቁ ለምን አስጎተቷት? የዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች መጎተት ምክንያታዊ መሆን እንዳለበት፣ ሌላ አማራጭ ካለም ፖሊስ ሊያስብበት እንደሚገባ ደጋግመው ወስነዋል። ያቺን የ9:40 ጥሪ ከስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺያት። ሌሊቱን ሥራ ላይ እንደነበርሽ የሚያሳይ ወረቀት ከአለቃሽ ተቀበዪ። የፖሊስ ሪፖርቱንም ጠይቂ፤ የቆመችበት ቦታ እዚያ ላይ ተጽፎ ይሆናል።

የገቢሽንም ወረቀት ያዢ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ሎንግ የሚባል ሰው ጉዳይ ላይ ወስኗል። ሎንግ የሚኖረው ፒክአፕ መኪናው ውስጥ ነበር። የሲያትል ከተማ በ2016 አስጎተተችበት። 946 ዶላር ከምናምን የነበረው ሂሳብ ወደ 547 ወረደለት፤ እሱንም በወር 50፣ 50 እንዲከፍል ታዘዘ። ፍርድ ቤቱ ግን ይህም ለዚህ ሰው ከአቅም በላይ የሆነ ቅጣት ነው፣ የመክፈል አቅሙ ሊታይ ይገባል አለ። እሱ የተጎተተበት ፓርኪንግ ላይ አብዝቶ ስለቆመ ነው፣ አልተሰረቀም። ጉዳይሽ አንድ አይደለም። ግን ዳኛው ፊት ቆመሽ "አልችልም" ማለት ዋጋ እንዳለው እወቂ።

ክስ ላለችሽ ጓደኛሽ፦ ማንን? ድርጅቱ ታዞ ነው የሄደው። በሌሊት የወጣ ሾፌር መከፈል አለበት፣ እሱ ላይ ቂም የለኝም። የሚያናድደኝ ከተማው ነው። ትእዛዙን ሰጥቶ ሂሳቡን ለተሰረቀችው ያሸጋግራል። ሳን ፍራንሲስኮ የተሰረቀባቸውን ሰዎች ከመጎተቻ ክፍያ ነፃ የሚያደርግ አሠራር አላት፤ ስለዚህ አይቻልም አይበሉን። ለከተማው ምክር ቤት አባል ሁለት መስመር መጻፍ አይከፋም። 860 ዶላርሽን ግን አይመልስልሽም።

የተያዘው ልጅ ጉዳይ ከቀጠለ የካውንቲው ዓቃቤ ሕግ ስለ ጉዳትሽ ይጠይቅሻል። የቶው፣ የመስታወት፣ የመሪ ደረሰኙን ሁሉ ስጪያቸው፤ ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል። ከ16 ዓመት ልጅ ገንዘቡ መቼ ይመጣል ለሚለው እኔም መልስ የለኝም። ለወንጀል ተጎጂዎች የሚከፈለው የስቴቱ ገንዘብ ደግሞ ለቆሰለ ሰው እንጂ ለንብረት አይሆንም፤ በእሱ ቀንሽን አታባክኚ።

ያንቺ ኪያ በቁልፍ ከምትነሳው ዓይነት ከሆነች፣ መጀመሪያውኑ የተመረጠችው ለዚያ ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ኪያና ሃዩንዳይ ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተር እንዳይነሳ የሚያግደው ኢሞቢላይዘር የላቸውም። ልጆቹ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ያስነሷቸዋል። ሲያትል በጥር 2023 ሁለቱን ኩባንያዎች እስከ መክሰስ ደርሳለች። ኩባንያዎቹም ከየካቲት 2023 ጀምሮ ይህን ስርቆት የሚከላከል፣ በነፃ የሚጫን ሶፍትዌር አውጥተዋል። መሪው እንደተጠገነ ዲለር ደውለሽ በመኪናዋ የሻሲ ቁጥር አስፈትሺ። የመሪ መቆለፊያ ብረትም ግዢላት። ሌባ ሊሰብረው ይችላል፣ ግን ጎንሽ የቆመውን መኪና ይመርጣል (ጎረቤትሽ ይቅር ይበለኝ)።

የልጅሽን ወንበር በተመለከተ፣ እሱን ለማውጣት ሂሳቡን እስክትከፍዪ አትጠብቂ። መኪናው ውስጥ ያለ የግል ዕቃ የባለቤቱ ነው። በሥራ ሰዓት መታወቂያ ይዘሽ ሄደሽ ስጡኝ ስትዪ መስጠት አለባቸው። እምቢ ካሉሽ በጽሑፍ ስጡኝ በዪ።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነው። መኪናዋ የፖሊስ ኮምፒውተር ላይ "የተሰረቀች" ተብላ ተመዝግባለች። ተገኘች ማለት ስሟ ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ሳይሰረዝ ይቀራል። በዚያ ሁኔታ አውራ ጎዳና ላይ ብትወጪ፣ ሰሌዳሽን ያነበበ ፖሊስ ከኋላሽ መሣሪያ መዝዞ ሊያስቆምሽ ይችላል። ከፍለሽ ቁልፉን እንደተቀበልሽ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆመሽ ደውዪ። የኬዝ ቁጥሩን ንገሪያቸው። "ከተሰረቁት መዝገብ ወጥታለች ወይ?" ብለሽ ጠይቂ፣ የመለሰልሽንም ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፊ። የዚያን ዕለት ልጅሽን ወንድምሽ ጋ ተዪው።