የጥንት ግሪኮችና በአማልክት የማያምኑት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአማልክት የማያምን ግሪካዊ፣ ግሪክነቱ ይቀር ነበር?

መልስ፦ አይቀርም። የፋርስ ጦርነት ጊዜ ስፓርታዎች “አቴና ከጠላት ጋር ልትታረቅ ነው” ብለው ሰግተው ነበር። አቴናውያን “አይሆንም፣ እኛኮ ግሪኮች ነን” አሏቸው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ግሪክነት ማለት አንድ ደም፣ አንድ ቋንቋ፣ የጋራ መቅደስና መሥዋዕት፣ ተመሳሳይ ልማድ ነው። ልብ በሉ፣ መሥዋዕት አሉ እንጂ እምነት አላሉም። እንደኛ ጸሎተ ሃይማኖት በቃል የሚደገም ነገር አልነበራቸውም። በዓሉ ላይ ትገኛለህ፣ በሬው ይታረዳል፣ የድርሻህን ሥጋ ትበላለህ። በልብህ ያለው የራስህ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሶቅራጥስን ለምን ገደሉት?

መልስ፦ ከክስ ነጥቦቹ አንዱ “ከተማዋ የምታከብራቸውን አማልክት አያከብርም” የሚል ነበር። የግሪክኛው ግስ “ማመን”ም “በልማድ ማክበር”ም ይሆናል፣ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ግን ጊዜውን አያለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነው። አቴና በስፓርታ ከተሸነፈች 5 ዓመቷ። ከዚያ በኋላ ከተማዋን ካሸበሯት 30 አምባገነኖች አንዱ ክሪቲያስ ደግሞ ከሶቅራጥስ ጋር ይውል የነበረ ሰው ነው። ቂም አለበት ባይ ነኝ። ያም ሆኖ ከፈረዱበት ዳኞች የ30ው ድምፅ ቢዞርለት ነፃ ይወጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ጭራሽ የካደ ሰውስ ነበር?

መልስ፦ የሜሎሱ ዲያጎራስ! እራቱን የሚያበስልበት እንጨት አጣ ይባላል። ከእንጨት የተሠራውን የጀግናውን የሄራክሊስን ምስል አነሳና “በል እንግዲህ፣ 12 ገድል ፈጽመሃል፣ 13ኛው የኔን እራት ማብሰል ነው” ብሎ እሳት ውስጥ ከተተው። ወሬው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። አቴና ግን በኤሌውሲስ (በአቴና አቅራቢያ ባለ መቅደስ) ምስጢራዊ ሥርዓት ላይ ስለቀለደ ለገደለው 1 ታላንት (ትልቅ የብር መጠን)፣ በሕይወት ላመጣው 2 ታላንት አውጃለች። የተፈለገው ስለ ካደ ሳይሆን የሁሉም የሆነውን ስለደፈረ ነው።

ጥያቄ፦ የማያምኑ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው?

መልስ፦ የተገላቢጦሽ ማኅበር በሉት። ኪኔሲያስ የሚባል ገጣሚና ጓደኞቹ ገደ ቢስ በሚባሉ ቀናት እየተሰበሰቡ ይበሉ ነበር፣ አማልክቱን ለማብሸቅ። ስማቸውንም “ገደ ቢሶች” ብለው አወጡ። ከሃዲዎች ነበሩ ለማለት ግን ይከብደኛል። የሌለን ማን ያበሽቃል?

ጥያቄ፦ ኦሎምፒክ ለመወዳደር እምነት ይጠየቅ ነበር?

መልስ፦ የሚጠየቀው ዘር ነው። የመቄዶንያው ቀዳማዊ እስክንድር (ታላቁ አይደለም) “ውድድሩ የግሪኮች ነው” ተብሎ ሊከለከል ሲል፣ ዘሩ ከግሪኳ ከተማ ከአርጎስ እንደሚመዘዝ አስረድቶ ገባ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያን የጠቀሰ ፈላስፋ አለ ይባላል?

መልስ፦ አለ፣ ዜኖፋኔስ። “ኢትዮጵያውያን አማልክታችን ጥቁርና ደፍጣጣ አፍንጫ ናቸው ይላሉ፣ ትራቃውያን (ከግሪክ በስተ ሰሜን ያሉ ሕዝቦች) ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ጠጉር ይሰጧቸዋል” ብሏል። ያኔ “ኢትዮጵያውያን” የሚለው ስም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በሙሉ ይይዝ ነበር። ሰውዬው ግን ከሃዲ አይደለም፣ ሰውን የማይመስል አንድ ታላቅ አምላክ አለ ባይ ነበር።