የፓምፕልሙስ የዕፅዋት ማዕከል፦ ሞሪሺየስ ለመሄድ ላሰባችሁ ጥያቄና መልስ

ሞሪሺየስ ሄዶ ከባሕር ዳርቻው ሌላ ምን ይታያል ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ፓምፕልሙስ። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ሉዊስ በስተሰሜን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ጥንታዊ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ዛሬ የሚጠራው በአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር በሰር ሲዉሳጉር ራምጉላም ስም ነው። ሙያዬ ዕፅዋት ስለሆነ ስለ ቦታው ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱባይ ነው የምሠራው። አንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ መቼ ብሄድ ይሻለኛል?

እህቴ፣ አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፤ ከዱባይ ቀጥታ በረራ አለ። ደሴቷ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ወቅቱ ከሰሜኑ ተገላቢጦሽ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ቀዝቀዝና ደረቅ ይላል፤ ለእግር ጉዞ ይመቻል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይሞቃል፣ ይዘንባል። ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ሳይክሎን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ይችላል። ችግሩ፣ ትልልቆቹ የውሃ አበቦች የሚያምሩት በሙቀቱ ወቅት ነው። ለእኔ ቢሆን ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥን እመርጣለሁ። የቪዛውን ነገር ግን ትኬት ሳትቆርጪ አረጋግጪ።

መናፈሻማ ጉለሌም አለን። እዚያ ድረስ መሄዱ ምን ያስገኛል?

ጉለሌን እወደዋለሁ፤ ግን ሥራው ሌላ ነው። ጉለሌ የአገራችንን ዕፅዋት ለመጠበቅ የተቋቋመ ነው። ፓምፕልሙስ በተቃራኒው ከሌላ ዓለም የመጡ ዕፅዋት የሚለመዱበት፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር የሚላኩበት ቦታ ነበር። መጀመሪያ ተራ የጓሮ አትክልት ቦታ ነው። በ1735 የመጣው የፈረንሳይ ገዥ ማሄ ደ ላ ቡርዶኔ ሞን ፕሌዚር የሚባለውን ርስት ገዝቶ፣ ወደ ሕንድ ለሚያልፉ መርከቦች አትክልት ያስመርትበት ነበር። ታሪኩን የለወጡት ቅመሞች ናቸው። እኔም ሰው ሁሉ እንዲሄድ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ጓዳ ያለው ቅመም በምን መንገድ ዓለምን እንደዞረ እዚያ ቆማችሁ ታዩታላችሁ።

ቅርንፉድና ገውዝ ተሰርቀው ነው እዚያ የደረሱት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዚያን ዘመን ሁለቱም የሚመጡት ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካሉት የሞሉካ ደሴቶች ነበር። ንግዱን የያዙት ደግሞ ደቾች ናቸው። ዋጋው እንዳይወርድ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ ያለውን ዛፍ እስከ መቁረጥ ይደርሱ ነበር።

ፒየር ፑዋቭር የሚባል ፈረንሳዊ ይህን ለመስበር ዕድሜውን ሰጠ። ወጣት ሳለ በባሕር ላይ ውጊያ በእንግሊዞች መድፍ ቀኝ እጁን አጥቷል። ያም አላቆመውም። በ1767 የደሴቷ አስተዳዳሪ ሆኖ መጣ። የላካቸው መርከቦች በ1770 የገውዝና የቅርንፉድ ችግኝና ዘር በድብቅ ይዘው ተመለሱ። ተክሎቹን ሞን ፕሌዚር ላይ አስተከለ። ከእሱ በኋላ ኒኮላ ሴሬ ማዕከሉን ለበርካታ ዓመታት መርቶ ችግኞቹን አበዛ። ዛሬ ሬዩኒየን ወደምትባለው ቡርቦን፣ ወደ ሲሸልስ፣ አልፎም ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ካየን ተላኩ።

ቀጥሎ የሆነው ለእኛም ይቀርበናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቅርንፉድ ከእነዚህ ደሴቶች ወደ ዛንዚባር ተሻገረ። ዛንዚባርና ፔምባም ለረጅም ጊዜ በዓለም ዋና የቅርንፉድ አምራቾች ሆኑ።

ያን ሁሉ ዛፍ ማን ተከለው? ስማቸው የሚጠራው ፈረንሳዮቹ ብቻ ናቸው።

ወንድሜ፣ ይህን ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ። ጉድጓድ የቆፈሩት፣ ውሃ የቀዱት፣ ችግኙን ከነፋስ የጠበቁት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። እንግሊዞች ደሴቷን በ1810 ያዙ፤ ባርነት የቀረው ግን በ1835 ነው። በቦታቸው ከሕንድ በኮንትራት ብዙ ሺህ ሠራተኞች መጡ፤ የዛሬው ሕዝብ አብላጫው የእነዚያ ልጆች ነው። ማዕከሉ ውስጥ ጠቃሚ ዕፅዋት ወደ ደሴቷ ያስገቡ ሰዎችን ስም የያዘ ሐውልት ታያለህ። የሠራተኞቹን ስም ግን አታገኝም። ይህ ያንገበግበኛል፤ ስትጎበኝም እነሱን እያሰብክ ብትሄድ ደስ ይለኛል።

አስጎብኚ መያዝ ግድ ነው? ካርታ ይዤ ብሄድስ?

ግድ አይደለም፤ ግን ያዙ። ቦታው ከ30 ሄክታር በላይ ነው። ሁሉም ዛፍ ምልክት የለውም። ብቻችሁን ስትሄዱ አረንጓዴ ነገር አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ጥሩ አስጎብኚ ግን የወደቀ ቅጠል አንስቶ ያሽና አፍንጫችሁ ሥር ያደርግላችኋል። ቀረፋ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ሌላ ያሻል፤ ካምፎር። ወቅቱ ከሆነ ገውዙን ከነፍሬው ያሳያችኋል። ቢጫው ፍሬ ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ ጥቁር ቡናማ ዘር አለ። ዘሩ ላይ ደማቅ ቀይ መረብ ተጠምጥሟል። እኛ ቤት ፈቅፍቀን የምንጠቀመው የዘሩን ውስጥ ነው። ያን ቀይ መረብ አይቶ የማያውቅ ሰው ገውዝን በግማሽ ነው የሚያውቀው። መታወቂያ ያለውን አስጎብኚ በር ላይ ጠይቁ፤ ዋጋውን ሳትነሱ ተስማሙ።

ትልልቁ የውሃ አበባ ላይ ሕፃን ይቀመጣል ይባላል። ልጄን ፎቶ ላነሳት አስቤ ነበር።

እባክሽ ተዪው። አይፈቀድም፤ ቅጠሉም ይቀደዳል። ተክሉ ቪክቶሪያ ይባላል፤ አገሩ አማዞን ነው። ቅጠሉ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ትልቅ ሰፌድ ይመስላል፤ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ተገልብጦ ያለ ቅጠል ካገኘሽ ጎንበስ ብለሽ የታች ጎኑን እዪው። ወፋፍራም ጅማቶች እንደ መረብ ተዘርግተዋል፤ ውስጣቸው አየር ነው። በዚያ ነው የሚንሳፈፈው። እሾሁ ደግሞ ዓሣ እንዳይበላው ይጠብቀዋል።

አበባው ራሱ የሁለት ሌሊት ዕድሜ ነው ያለው። የመጀመሪያው ምሽት ነጭ ሆኖ ይፈካል፤ ይሸታል፤ ይሞቃልም። በተፈጥሮ ቦታው ጢንዚዛዎች ሽታውን ተከትለው ይገባሉ፤ አበባው ይዘጋባቸዋል። በማግሥቱ ምሽት ሮዝ ሆኖ ሲከፈት የአበባ ዱቄቱን ተሸክመው ወደ ሌላ ነጭ አበባ ይሄዳሉ። ስለዚህ በጠዋት ሂጂ። በሩ የሚከፈተው 2፡30 ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ አበባው ይዘጋል።

አበባ አብቦ የሚሞት ዘንባባ አለ ይባላል። ምን ዓይነት ነው?

ታሊፖት ይባላል፤ አገሩ ደቡብ ሕንድና ስሪላንካ ነው። ከ30 እስከ 80 ዓመት ዝም ብሎ ያድጋል። ከዚያ በዕድሜው አንዴ፣ ጫፉ ላይ ብዙ ሜትር የሚረዝም የአበባ ዘለላ ያወጣል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ናቸው። ፍሬው ሲበስል ዛፉ ይሞታል። አብቦ ካገኛችሁት ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱ ሥር ቁሙ።

ልጆች ይሰለቻሉ?

ኤሊዎቹን ካሳያችኋቸው አይሰለቹም። ዛሬ የሲሸልስ ከሆነችው ከአልዳብራ ደሴት የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው፤ ትልልቆቹ 200 ኪሎ ያልፋሉ፣ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራሉ። የሞሪሺየስ የራሷ ግዙፍ ኤሊዎች በሰው ምክንያት ጠፍተዋል፤ እንደ ዶዶ ወፍ። በ1874 ዳርዊንና ሌሎች ሳይንቲስቶች የአልዳብራዎቹም እንዳይጠፉ ለሞሪሺየስ ገዥ ደብዳቤ ጽፈው ነበር።

ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ እንጂ። ባሕር ዛፍን ውሰዱ። በ1866 ወባ ሞሪሺየስን ክፉኛ ሲመታት፣ ረግረጉን ያደርቃል ተብሎ እዚያው ማዕከል ውስጥ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይፈላ ነበር። ከዓመታት በኋላ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ደግሞ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነው። አንድ ዛፍ፣ ሁለት የተለያየ ችግር። ቡናም አለ፦ ፈረንሳዮች በ1715 ከየመን ወደ ጎረቤቷ ቡርቦን ደሴት ወሰዱት። ዛሬ ቡርቦን የሚባለው የቡና ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን የእኛው ነው።

ወባ አለ? ምን ልያዝ?

ወባ አያሳስብም፤ ትንኝ ግን አለ፣ በተለይ ኩሬዎቹ አካባቢ። የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ውሃ፣ የሚመች ጫማ። የውጭ ዜጋ መግቢያ ይከፍላል። ከፖርት ሉዊስ አውቶቡስ አለ።

ግማሽ ቀን ይተርፈኛል። ምን ልጨምር?

ጣፋጭ ታሪክ ከወደድክ አጠገቡ ቦ ፕላን የሚባለው የድሮ የስኳር ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል። ዕፅዋት ከወደድክ ግን ኩርፒፕ ከተማ ወዳለው ትንሽ የዕፅዋት መናፈሻ ውጣ። እዚያ በዓለም ላይ ከዘሩ ብቻውን የቀረ ዘንባባ አለ፤ በአጥር ተከልሏል። ወንዴና ሴቴ አበቦቹ የሚያብቡት በተለያየ ጊዜ ስለሆነ በራሱ ሊራባ አልቻለም። ሳይንቲስቶች በቤተ ሙከራ ለማራባት ብዙ ደክመዋል።

ዘር ወይ ችግኝ ይዤ መምጣት እችላለሁ?

አይሆንም። ከማዕከሉ ቅጠልም ቢሆን መቁረጥ ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይም የዕፅዋት ቁጥጥር አለ። ደግሞ ለአገራችንም አስቡላት፤ ባዕድ ተክል የሚያመጣውን ጣጣ አርሶ አደሩ በእንግዳ አረሞች አይቶታል። ለስጦታ ከሆነ ፖርት ሉዊስ ገበያ ገብታችሁ የታሸገ ቫኒላና ሻይ ግዙ። ቫኒላውን ስትመርጡ ዘንጉን ጠምዘዝ አድርጉት። ለስላሳና ወዛም ከሆነ ውሰዱት፤ ደርቆ የሚሰበር ከሆነ ተዉት።