የጃፓን የጦር ጎራዴ መሰብሰብ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ለተወደዳችሁ ወጣቶች፦

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ ታቅፎ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ሲፈታው ቡናማ ቆዳ የለበሰ አፎት ያለው የጃፓን ጎራዴ ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አዛውንት ካረፉ በኋላ የቤታቸው ዕቃ ሲሸጥ የገዛው ሲሆን፣ ሻጩ «ሦስት መቶ ዓመት የሞላው የሳሙራይ ጎራዴ ነው፤ የታጠቀውም ጄኔራል ነበር» ስላለው የሁለት ወር ደመወዙን ከፍሎበታል። እጀታውን ከብረቱ ጋር ያያያዘውን የቀርከሃ ችንካር አውጥቼ እጀታውን ሳወልቀው፣ ተሸፍኖ የኖረው የብረቱ ጭራ ገና ግራጫ ነበር። በአንደኛው ገጽ የአንጥረኛው ስምና ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ማኅተም፣ በሌላኛው ገጽ ደግሞ «ሾዋ 18፣ ሁለተኛ ወር» የሚል ቀን ተቀርጾበታል። ይህም በጃፓኖች የዘመን ስያሜ የተጻፈ ሲሆን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1943 ማለት ነው። ወጣቱ ጭራውን እየተመለከተ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ያ ዝምታው ከልቤ ስላልወጣ ይህን ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሙያ አሮጌ የብረት ዕቃ መጠገንና ዋጋ መገመት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የጃፓን ጎራዴ እውነተኛ ማንነት የሚገኘው በእጀታው ውስጥ ተደብቆ በሚኖረው በዚያ ጭራ ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ ጭራውን ሳታዩ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሻጩ እጀታው እንዲወልቅ ካልፈቀደ ቀድሞ የተነሣ የሁለቱን ገጾች ፎቶግራፍ ጠይቁት፤ ይህንንም ከከለከላችሁ ጎራዴው የቱንም ያህል ዓይናችሁን ቢስበው ትታችሁት ሂዱ።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ላስረዳ፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1876 የጃፓን የሜይጂ መንግሥት ሳሙራዮች በአደባባይ ጎራዴ እንዳይታጠቁ በአዋጅ ከለከለ። በአዲስ መልክ የተደራጀው ሠራዊት መኮንኖች ጣት የሚከልል ዘንግ ያለውን የአውሮፓ ዓይነት እጀታ ይዘው እስከ 1930ዎቹ ቆዩ። በ1934 ግን የብሔርተኝነቱ ስሜት እየበረታ ሲሄድ የጦር ሠራዊቱ የጥንቱን የካማኩራ ዘመን ጎራዴ መልክ የተከተለ፣ እጀታው በክር የተጠለፈ አዲስ ዓይነት አወጣ፤ ሰብሳቢዎች «ዓይነት 94» የሚሉት ይህ ነው። በ1938 የወጣው «ዓይነት 98» ከእሱ ብዙም አይለይም፤ በገበያ በብዛት የምታገኙትም እሱን ነው። የባሕር ኃይሉ በ1937 የራሱን አወጣ። ለበታች ሹማምንት የተሠራው በ1935 የወጣው «ዓይነት 95» ደግሞ ከመጀመሪያው በፋብሪካ የተመረተ ነው፤ እጀታው በክር የተጠለፈ ይመስላል እንጂ በመጀመሪያ ከመዳብ፣ በኋላም ከአሉሚኒየም በቅርጽ የፈሰሰ ነው።

በእጀታው ጫፍ የሚንጠለጠለው ዘርፍ የማዕረግ ምልክት ነው። ቡናማና ሰማያዊ ከሆነ ከመቶ አለቃና ከሻምበል ተርታ የሆነ መኮንን፣ ቡናማና ቀይ ከሆነ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ያለ መኮንን፣ ወርቃማ ክር ካለበት ደግሞ ጄኔራል ይይዘው እንደ ነበር ያመለክታል። ይሁን እንጂ ዘርፍ ተፈትቶ ሌላ ጎራዴ ላይ የሚታሰር ነገር ነው፤ ለብቻውም ይሸጣል። ያ ወጣት የገዛው ጎራዴ «የጄኔራል» የተባለው በዘርፉ ብቻ ነበር፤ ዘርፉም አዲስ ነበር።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። በአንድ ዓይነት የጦር እጀታና አፎት ውስጥ በጣም የተለያዩ ብረቶች ይገኛሉ። ከሁሉ የበዛው በጦርነቱ ዘመን ከተራ አረብ ብረት ተሠርቶ፣ ከጋለ በኋላ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የጠነከረው ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ማዕከል የሴኪ ከተማ ስለነበር ጭራቸው ላይ የሴኪን የምርመራ ማኅተም የያዙ ብዙ ናቸው፤ ማኅተሙም አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ በጥንቱ ዘዴ አለመሠራቱን ይነግራችኋል። በሌላው ወገን፣ በአሸዋ መልክ ከሚገኝ የብረት ማዕድን በከሰል እሳት የቀለጠውን «ታማሃጋኔ» የሚባል አረብ ብረት ደጋግመው እያጠፉ ቀጥቅጠው፣ በሸክላ ጭቃ ለብጠው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው የሠሩ አንጥረኞች ነበሩ። ጭራው ላይ ትንሽ የኮከብ ማኅተም ካያችሁ ጎራዴው ሠራዊቱ ፈትኖ ከተቀበላቸውና ታማሃጋኔውን ራሱ ካቀረበላቸው አንጥረኞች የአንዱ እጅ ሥራ ሊሆን ይችላልና ደግማችሁ ተመልከቱት። በቶኪዮ በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ከ1933 እስከ 1945 የሠሩት አንጥረኞችም የጥንቱን ዘዴ የያዙ ነበሩ፤ በእነዚያ ዓመታት ወደ 8,100 የሚጠጉ ጎራዴዎች ከእጃቸው ወጥተዋል፤ ዛሬም ሰብሳቢዎች በጽኑ ይፈልጓቸዋል። በሁለቱ ወገኖች መካከል እንደ ደቡብ ማንቹሪያ የባቡር ኩባንያ ጎራዴዎች ያሉ፣ በአዲስ ዘዴ የተሠሩ ቢሆኑም በጥንካሬያቸው የተከበሩ አሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በጦር እጀታ ውስጥ የሚገኘው የጥንት ብረት ነው፤ መኮንኖች ከአያቶቻቸው የወረሱትን ጎራዴ በደንቡ መሠረት የጦር እጀታና አፎት አልብሰው ይዘምቱ ነበርና።

ይህን ዓይነቱን አንድ ጊዜ በእጄ ይዣለሁ። አንዲት አሮጊት ባላቸው ከፓስፊክ ጦርነት ይዘውት የመጡትን፣ ቆዳው የተላላጠ ጎራዴ አመጡልኝ፤ አንድ ነጋዴ በጣም ትንሽ ገንዘብ ሊሰጣቸው ተስማምቶ ነበር። ችንካሩን ሳወጣው ጭራው እንደ ቆየ ቡና ጠቁሮ፣ ሁለት የችንካር ቀዳዳ ነበረበት፤ አንደኛው ብረቱ ጥንት አጥሮ ሲበጅ የተተወ ነው። ስም አልነበረበትም። ነገር ግን ዝገቱ የለሰለሰ፣ ጥልቅና ወጥ ነበር፤ ስለቱን ወደ አምፖሉ ሳዞረው ሌሊት በጠራ ሰማይ ላይ እንደሚታዩ ጥቃቅን ከዋክብት ያሉ ነጥቦች ስለቱን ተከትለው ያብለጨልጩ ነበር። ሴትዮዋ ያን ቀን ጎራዴውን ለነጋዴው አልሸጡም።

የአምፖሉን ነገር በተግባር ላስረዳችሁ። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ መብራት ብቻ አብሩ፤ ጎራዴውን በዓይናችሁ ትክክል ይዛችሁ ጫፉን ወደ መብራቱ አቅኑትና በብረቱ ላይ ተመልከቱ። ስለቱን ተከትሎ የሚሄደው ነጭ መስመር ጃፓኖች «ሃሞን» የሚሉት ነው፤ ስለቱ ብቻ እንዲጠነክር ተደርጎ ሲነከር የሚፈጠር ነው። ውሃ ውስጥ በተነከረ ጎራዴ ያ መስመር በጥቃቅን ነጥቦች ተሠርቶ፣ እንደ ማለዳ ጭጋግ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ይታያል። ዘይት ውስጥ በተነከረ ብረት መስመሩ ቢኖርም ነጥቦቹ ይጎድላሉ። አስመስለው የሠሩት ግን በአሲድ የተበላ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተፋቀ ነውና አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ዘንድ ሲደርስም እውነተኛው መስመር እንደሚታጠፈው አይታጠፍም። ባዶ ጣታችሁን ብረቱ ላይ አታሳርፉ፤ የጣት ላብ በጥቂት ቀን ውስጥ ዝገት ሆኖ ይታያልና።

እጀታውን ለማውለቅ ችንካሩን በእንጨት ወይም በናስ ዘንግ ከጠባቡ ወገን ግፉት። ከዚያ ስለቱ ከሰውነታችሁ ወዲያ ዞሮ ጎራዴው ቀና ብሎ ሳለ እጀታውን በግራ እጃችሁ ያዙና የግራ አንጓችሁን በቀኝ ጡጫችሁ በቀስታ ምቱ፤ ብረቱ ራሱ ይላቀቃል። ከእጅ መከላከያው ሥር ያሉትን ቀጫጭን ሳህኖች እንደ ቅደም ተከተላቸው በጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። ብዙዎቹ ቁጥር ተመቶባቸዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ክፍሎቹ አልተቀያየሩም ማለት ነው፤ ይህም ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። የጭራውን ቀን ማንበብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚከብድ አይደለም፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ያደግን ሰዎች ነንና። በሾዋ ዘመን ዓመት ላይ 1925 ስትደምሩ የአውሮፓውያኑን ዓመት ታገኛላችሁ።

በጭራው ላይ ያለውን ዝገት ፈጽሞ አታጽዱ። ይህን የምላችሁ በደረሰብኝ ነገር ነው። በሙያው አዲስ ሳለሁ በምሠራበት ቤት የመጣ አንድ ጎራዴ ጭራው ቆሽሾ ሳየው ሥራዬ ማጽዳት ነው ብዬ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ስሙ አልጠፋም፤ ነገር ግን የብረቱን ዕድሜ የሚመሰክረው ዝገት ስለጠፋ ስሙ እውነተኛ ይሁን አይሁን ዳግመኛ ማንም ሊናገር አልቻለም። ባለቤቱ አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። የታዋቂ አንጥረኛን ስም በሌላው ብረት ላይ መቅረጽ በጃፓን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ማጭበርበር ስለሆነ ያ ዝገት ለገማች ትልቅ ምስክር ነው።

ዛሬ በገበያው ከሚገኙት ፎርጅዶች ይበልጥ የበዙት «ዓይነት 95» የሚመስሉት ናቸው። እውነተኛው ተከታታይ ቁጥር ከእጅ መከላከያው አጠገብ በብረቱ ላይ ጥርት ብሎ ተመትቷል፤ አፎቱም ላይ ያው ቁጥር ሲገኝ ዋጋው ይጨምራል። በፎርጅዱ ግን አኃዞቹ ይወላገዳሉ፣ በእጀታው ላይ የጥልፍ ቅርጹ ደብዝዞ ይታያል፤ አፎቱ ውስጥ ሲገባም ቀጭ ብሎ የሚቆለፈው መያዣ በደንብ አይሠራም። በብረቱ ላይ እንደ እንጨት ጅማት በጣም የሚጎላ ሞገድ ያለበትን «ጥንታዊ» ጎራዴም ተጠንቀቁት።

ዋጋ ሲገመት ብረቱና ልብሱ ለየብቻ ይታያሉ። ተራ ብረት በተሟላ፣ ባልተነካካ እጀታና አፎት ውስጥ ሲገኝ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ድንቅ ብረት ደግሞ ልብሱ ቢበላሽም ዋጋው አይጠፋም። ስለቱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ግን በብርሃን እንጂ በዓይን የማይታይ ቀጭን ቢሆን እንኳ ጎራዴውን ይገድለዋል፤ መግዛት የለባችሁም። ጎራዴ ገዝታችሁ ለማሳል ወይም ለማስወልወል አትቸኩሉ። እውነተኛ የጃፓን ወልዋይ ሒሳቡን በብረቱ ርዝመት ይቆጥራል፤ ጠቅላላ ወጪው ሺዎች ዶላር ስለሚደርስ ለአብዛኛው የጦር ጎራዴ ከራሱ ዋጋ በላይ ነው። የአካባቢ ቢላ የሚስል ሰው ግን ያለ ጥርጥር ያበላሸዋል። በንጹሕ ጨርቅ የተቀባ ስስ የማዕድን ዘይት ይበቃዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ። በብሪታንያ ከ2008 ጀምሮ ብረቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎባጣ ጎራዴ መሸጥ ተከልክሏል፤ ከ1954 በፊት የተሠሩትና በጥንቱ የእጅ ዘዴ የተሠሩት ግን ተፈቅደዋል። በጃፓን ደግሞ የተመዘገበ ካልሆነ ጎራዴ መያዝ አይቻልም፤ በፋብሪካ የተሠራው የጦር ጎራዴ ስለማይመዘገብ ወደዚያ ለሽያጭ ወይም ለጥገና ብትልኩት ተወስዶ ሊወገድ ይችላል።

ሌላው ከልቤ የምነግራችሁ ነገር አለ። አንዳንድ ሻጮች «ይህ ጎራዴ ይህን ያህል ሰው ቆርጧል» እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ። እንዲህ ላለው ወሬ አንዲት ሳንቲም አትክፈሉ። እነዚህ ጎራዴዎች የተያዙት በቻይና፣ በፊሊፒንስና በማላያ ምርኮኞችና ሲቪሎች በግፍ በተገደሉበት ጦርነት ነው፤ ያ ሞት የእናንተ ስብስብ ጌጥ ሊሆን አይገባም። ይልቁንም በ1945 እጅ በተሰጠ ጊዜ ባለቤቶቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን ጽፈው በጎራዴዎቻቸው ላይ ያሰሩትን የእንጨት ወይም የጨርቅ ምልክት ካገኛችሁ አትፍቱት፣ አትጣሉት። ጃፓንኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩት፤ ቤተሰቡ ተገኝቶ ከሆነ ምን እንደሚሻል ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ።

ያ ወጣት ጎራዴውን አልመለሰም። እጀታውን ስንገጥመው ችንካሩን ራሱ እንዲያስገባ ሰጠሁት። ከዚያ የጭራውን ሁለት ገጽ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከጫፉ ጭራው እስከሚጀምርበት እስከ ጀርባው ቁርጥ ድረስ ያለውን ርዝመት በቀጥታ ለካና፣ የከፈለውንና የገዛበትን ቀን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ካርድ ላይ ጻፈ። «ሦስት መቶ ዓመት» የሚለውን የሻጩን ቃልም ሊጽፍ ሲል ቆም አለና «ሾዋ 18» ብሎ ጻፈ።