የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፦ ጥያቄና መልስ ከደሴና ኮምቦልቻ አባላት ጋር

የዛሬዎቹን ጥያቄዎች የሚመልሱልን ደሴ ውስጥ በመድን ሥራ ለረጅም ዓመታት የቆዩ አባላችን ናቸው።

ከኮምቦልቻ፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እኛ ለትርፍ አንሠራም። ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢጎዳ እንደ ፋብሪካ እንጠየቃለን?

መልስ፦ ደመወዝ እየከፈላችሁ የምታሠሩት ከሆነ ትጠየቃላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው የማትጠየቁት። መድን ገዛችሁም አልገዛችሁም ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

ከደሴ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ ክሊኒክ፦ የካህናቱስ ነገር?

መልስ፦ መንፈሳዊ አገልግሎት ሌላ ጉዳይ ነው፤ አልገባበትም። ነርሷ፣ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ሠራተኞች ናቸው።

ከደሴ፦ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድን ሰጪው የምንከፍለው ዋጋ፣ ስንት ነው?

መልስ፦ የዓመቱ ጠቅላላ ደመወዝና የሥራው ዓይነት ሳይታወቅ መልስ የለውም።

ከኮምቦልቻ፣ የምገባ ማዕከል፦ የደመወዝ ዝርዝር ተጠይቀናል። አረቦኑ እንዲቀንስ የደመወዛቸውን ግማሽ ብቻ ብናስመዘግብስ?

መልስ፦ እንዳታደርጉት! በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። ወጥ ቤት የምትሠራ እህታችን በወር 6,000 ብር ታገኛለች እንበል። በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈች ሆና ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃታት፣ ካሳዋ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ ይህም 360,000 ብር ነው። ጉዳቱ 40 በመቶ ከሆነ 144,000 ብር ይደርሳታል። እናንተ 3,000 ብር ብላችሁ ካስመዘገባችሁ መድን ሰጪው የሚያሰላው በነገራችሁት ነው፤ ሕጉ ግን በእውነተኛው ደመወዟ ይጠይቃችኋል። ልዩነቱ ከልጆቹ ምግብ ይወጣል። ለጊዜው ከሥራ ብትርቅም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ትከፍላላችሁ። ለዓመቱ ሲደመር 49,500 ብር ነው፤ ሕክምናው ሳይቆጠር። አረቦኑ በግምት ተከፍሎ ዓመቱ ሲያልቅ በእውነተኛው ክፍያ ይስተካከላል፤ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር የለም። ትክክለኛውን ደመወዝ ጻፉ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ለወላጅ አልባ ልጆች የተለገሰ ገንዘብ ለመድን ድርጅት መስጠት ለእኔ ከልጆች አፍ መንጠቅ ነው። ዕድር አለን፣ እንተባበራለን።

ሌላ አባል፦ ዕድር ለቀብር ይደርሳል። በፈላ ዘይት እጇ ለተቃጠለች እናት የዓመት ደመወዝ የከፈለ ዕድር የት አለ?

የመጀመሪያው አባል፦ በእኛ ሰፈር አለ! ተሰብስበን አሳክመናል።

ሦስተኛ አባል፦ ማሳከም መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላስ ቤቷን ማን ያስተዳድራል?

መልስ፦ መተባበራችሁን አላንቋሽሽም፤ ወሎን ያቆመው እርሱ ነው። ነገር ግን ለልጆች የምትራራው ሴት ራሷ ልጆች አሏት፤ ካሳዋ በሰፈሩ አቅም ላይ መንጠልጠል የለበትም። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከደሴ፦ ሠራተኞቻችን በየቀኑ በሐረጎ መንገድ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን፣ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሹፌሩን ራሱን አይሸፍነውም። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም በተከራየው የሰርቪስ መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ ጉዳት በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። በሐረጎ ጭጋግ የወረደ ሰው ለምን እንደምወተውት ያውቃል። አደጋ በደረሰ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ለመድን ሰጪው አሳውቁ።

ከኮምቦልቻ፦ በጎ ፈቃደኞቻችንስ ይካተታሉ?

መልስ፦ ደመወዝተኛ ስላልሆኑ በዚህ የመድን ውል አይሸፈኑም። የቡድን የግል አደጋ መድን ጠይቁላቸው።

ከደሴ፦ የአስተዳደር ወጪያችን ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ አለ። መድኑን የት እንጻፈው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ገደብ የአስተዳደር ወጪን ይመለከታል። የመስክ ሠራተኛው የተቀጠረው ለፕሮጀክቱ ከሆነ፣ የመድኑን ወጪ ከደመወዙ ጋር አያይዛችሁ ከመነሻው በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አስገቡት፤ ለጋሹም ይፈርምበት። ገንዘቡ ከጸደቀ በኋላ መለመን ይከብዳል።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ለእኛ ድርጅት አረቦኑ በግምት ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። የሠራተኞቹን ብዛት፣ ሥራቸውንና እውነተኛ ደመወዛቸውን ይዘህ ወደ መድን ድርጅት ሂድ፤ ዋጋውን በጽሑፍ ይሰጡሃል። ከሁለት ድርጅቶች ጠይቅ።

ከኮምቦልቻ፦ ደመወዙ የተጣራው ነው ወይስ ያልተጣራው?

መልስ፦ ግብር ያልተቀነሰበት።